ሸጊቱ፣ ማሰሪያውና የአሥራ አንድ ተኩሉ አውቶቡስ

ተረት ልንገራችሁ። የላም በረት የለበትም፤ የብረት ቤት ነው ያለበት። በከተማው ዳር አንድ የመለዋወጫ ፋብሪካ ነበር። በፋብሪካው ውስጥ አንድ ወርክሾፕ፣ በወርክሾፑ ውስጥ አንድ ሚሊንግ የሚባል ብረት መቁረጫ ማሽን፣ በማሽኑ ፊት ደግሞ ሸጊቱ የምትባል ሴት ነበረች። ሸጊቱ የምትፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነበር፦ ልጇ ሲፈን ሳትተኛ ቤቷ መድረስ።

ሲፈን ዓመት ከሦስት ወሯ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ትተኛለች፤ ደቂቃ አታሳልፍም። ጠዋት እናቷ ስትወጣ አልነቃችም፤ ማታ እናቷ ስትገባ ተኝታለች። አባቷ በሞያሌ መስመር የጭነት መኪና ይነዳል፤ በወር አንዴ ብቅ ይላል። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሕፃኗን የሚይዟት ጎረቤታቸው እትዬ ዳሳሽ ናቸው፤ ባለፈው ወር አፏን ስትፈታም «እማ» ብላ የጠራችው እትዬ ዳሳሽን ነው። እትዬ ዳሳሽ ይህንን ለሸጊቱ የነገሯት እንደ ጥፋተኛ አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

«እኔ እንኳ አላስተማርኳትም፤ ከራሷ አምጥታ ነው» አሉ።

«ምንም አይደል፣ እትዬ» አለች ሸጊቱ። ወደ ውስጥ ገብታም ታጥቦ የደረቀውን የሕፃኗን ካልሲ እንደገና አጠበችው።

ቤቷ በጊዜ እንዳትደርስ የከለከላት ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያ ፋብሪካ ክፉ ሰው የለም፤ ይህ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ። ያለው ደንብ ነው። ደንቡም «ማሽን ሳይታሰር አያድርም» ይላል። የነገው ሥራ ዛሬ ማታ ማሽኑ ላይ ታስሮ፣ ተለክቶና ተስተካክሎ ያድራል፤ ጠዋት አዝራር መጫን ብቻ እንዲቀር። ፎርማኑ አቶ ሰይፉ የገበሬ ልጅ ስለሆኑ ደንቡን ሲያስረዱ «በሬው ሳይታሰር ያደረበት ቤት ጠዋት በምን ያርሳል?» ይላሉ። ልክ ናቸው። ልዩነቱ በሬ አንድ ገመድ የሚበቃው መሆኑ ነው።

የሸጊቱ ብረት ገመድ አይበቃውም። የዛሬው ሥራ ይወርዳል፤ የነገው ብረት ይወጣል። በብሎን ይጠብቃል። ዳያል ጌጅ በሚባል ባለመርፌ መለኪያ ይለካል፤ ጠሟል። ብሎኑ ይላላል፤ ብረቱ በመዶሻ ኮርኮም ይደረጋል፤ እንደገና ይጠብቃል። ይለካል፤ አሁን ደግሞ ወደዚያ ጠሟል። እንዲህ ሲጠምና ሲቃና ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ሸጊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጀምራ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ትጨርሳለች። የሠራተኛው አውቶቡስ የሚወጣው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የታክሲ ሰልፍ፣ ከታክሲው ወርዶ ሌላ የታክሲ ሰልፍ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቤት።

ሥራው ቶሎ አይታሰርም፤ አውቶቡሱ አይጠብቅም፤ ሸጊቱም ሲፈን ሳትተኛ ቤቷ አትደርስም።

መድኃኒቱን ግን ፋብሪካው ገዝቶታል። ከአሥራ አንድ ወር በፊት ከውጭ አገር አንድ ሣጥን መጣ፤ ውስጡ ዜሮ ፖይንት የሚባል ማሰሪያ አለ። ወፍራም የብረት ገበታ ነው፤ አራት ቀዳዳ አለው። አንድ ጊዜ ማሽኑ ላይ ይታሰራል፤ በቃ፣ እዚያው ይኖራል። የሚቆረጠው ብረት ከሥሩ አራት እግር ይገጠምለታል። እግሮቹን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ጣል ማድረግ ነው፤ ገበታው ንክስ አድርጎ ይይዛቸዋል። ዛሬ የያዘበት ቦታና ነገ የሚይዝበት ቦታ በፀጉር ስፋት እንኳ አይለያይም። ጌጅ የለም፣ ኮርኮም የለም፤ ሁለት ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ይሆናል። ሣጥኑ በመጣ ዕለት ሪባን ተቆርጦለታል፤ ሠራተኛው አጨብጭቦለታል፤ ከኃላፊዎች ጋር ፎቶ ተነሥቶ ፎቶው አዳራሽ ተሰቅሏል። በወጉ ተመርቋል። አልተከፈተም እንጂ።

ሰኞ በሻይ ሰዓት ሸጊቱ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄደች። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ደምሰው አንድ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

«ጋሽ ደምሰው፣ ያ ዜሮ ፖይንት የሚባለው ማሰሪያ የት ነው ያለው?»

«ግምጃ ቤት ነው ያለው።»

«ግምጃ ቤት የቱ ጋ?»

«ከሥሬ።»

«ታዲያ ብድግ ይበሉና ይስጡኛ!»

«ብድግስ እል ነበር፣ ልጄ። ግን ይሄ ዕቃ የገባው በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ነው፤ የሚወጣው በሞዴል ሃያ ሁለት ነው። ሃያ ሁለቱ ላይ የንብረት ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ አለ። ባዶውን ብፈርም ነገ ‹የወጣው የትኛው ነው?› ይሉኛል።»

«ፋብሪካው ያለው እኮ አንድ ዜሮ ፖይንት ብቻ ነው።»

«እሱን ነው የምልሽ! አንድ ስለሆነ ከጠፋ ይታወቃል። ወይዘሮ ፀዳለ ቁጥር ይስጡት፤ እኔ ያን ጊዜ እነሣለሁ።» ሻያቸውንም ፉት አሉ።

ጋሽ ደምሰው ከሣጥኑ አይነሡም፤ ማሰሪያው ከሣጥኑ አይወጣም፤ ሥራው ቶሎ አይታሰርም፤ አውቶቡሱ አይጠብቅም፤ ሸጊቱም ሲፈን ሳትተኛ ቤቷ አትደርስም። በዚያ ማታ ስትገባ የሕፃኗ አንድ እግር ከብርድ ልብሱ ወጥቶ አገኘችው፤ መልሳ አስገባችው።

ማክሰኞ ወደ ንብረት አስተዳደር ሄደች። ወይዘሮ ፀዳለ ሁለት እስክሪብቶ ፊታቸው አጋድመው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ።

«ቁጥር? ቁጥርማ ምን ችግር አለው የኔ እመቤት፤ አሁን እጽፍልሻለሁ» አሉ። ጥቁሩን አነሡ፤ ከዚያ እጃቸው አየር ላይ ቆመ። «ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

«ምኑ?»

«ዕቃው ነዋ። የሚሠራ ዕቃ ቁጥሩ በጥቁር ነው፤ የማይሠራ በቀይ።»

«ሣጥኑ እኮ አልተከፈተም፣ ወይዘሮ ፀዳለ።»

«አየሽ? እንግዲህ ጥቁር ልጻፍ ቀይ ልጻፍ?»

«ጥቁር ይጻፉ፤ ካልሠራ በቀይ ያርሙታል።»

ወይዘሮ ፀዳለ ደነገጡ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠሩ አንድ ቁጥር ሰርዘው አያውቁም። «ጥራት ክፍል ሂጂ። አቶ ነስሩ ‹ይሠራል› ብለው ይጻፉልኝ» ብለው ሁለቱንም እስክሪብቶ ከደኑ።

ወይዘሮ ፀዳለ ቁጥር አይሰጡም፤ ጋሽ ደምሰው ከሣጥኑ አይነሡም፤ ማሰሪያው ከሣጥኑ አይወጣም፤ ሥራው ቶሎ አይታሰርም፤ አውቶቡሱ አይጠብቅም፤ ሸጊቱም ሲፈን ሳትተኛ ቤቷ አትደርስም። በዚያ ማታ ሲፈን ግማሽ ድንች በጡጫዋ እንደጨበጠች ተኝታ ነበር።

ረቡዕ ወደ ጥራት ቁጥጥር ሄደች። አቶ ነስሩ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ሲናገሩም እየለኩ ነው።

«ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልጽፍም። መሥሪያ ቤቱ ቢፈቅድልኝ አላህ አይፈቅድልኝም።»

«ይዩታ፣ አቶ ነስሩ! ግምጃ ቤት ነው ያለው።»

«አያለሁ። እዚያው ሣጥኑን ከፍቼ አየዋለሁ።»

«ጋሽ ደምሰው ከላዩ ይነሣሉ?»

«ለምርመራ ይነሣል፤ ለማውጣት ነው የማይነሣው። የሚያስቸግረው እሱ አይደለም፤ አየር ነው። ይሄ ዕቃ ተፈጥሮው እንዲህ ነው፦ አየር ሲሰጡት ይለቃል፣ አየር ሲነፍጉት ይነክሳል። ሲለቅና ሲነክስ ካላየሁ ምኑን አየሁት? የኮምፕሬሰር ቤቱ በዳሳ ከአየር መጭመቂያው ቱቦ እስከ ግምጃ ቤት ይዘርጋልኝ፤ በአምስት ደቂቃ እጽፍልሻለሁ።»

አቶ ነስሩ ወረቀት አይጽፉም፤ ወይዘሮ ፀዳለ ቁጥር አይሰጡም፤ ጋሽ ደምሰው ከሣጥኑ አይነሡም፤ ማሰሪያው ከሣጥኑ አይወጣም፤ ሥራው ቶሎ አይታሰርም፤ አውቶቡሱ አይጠብቅም፤ ሸጊቱም ሲፈን ሳትተኛ ቤቷ አትደርስም። በዚያ ማታ እትዬ ዳሳሽ በር ላይ ቆመው «ዛሬ ብቻዋን ሦስት እርምጃ ሄደች» አሏት። ሸጊቱ «ወደ የት?» አለች። «ወደ እኔ» አሉ እትዬ ዳሳሽ፤ ወዲያው ደግሞ «ወደ በሩ ነው እንጂ፤ እኔ በሩ ጋ ስለነበርኩ ነው» አሉ።

ሐሙስ ወደ ኮምፕሬሰር ቤት ሄደች። በዳሳ እኩያዋ ነው፤ አብረው ነው የተቀጠሩት።

«አንቺ ሸጊቱ፣ አየር ነው ያልሽኝ? አየር አይደለም ነፍሴን ልስጥሽ!»

«ነፍስህን ተወውና ቱቦውን ወደ ግምጃ ቤት ዘርጋልኝ።»

«ቱቦውን አልችልም።»

«አሁን ነፍሴን አላልክም?»

«ነፍሴ የራሴ ናት፤ ቱቦው የመሥሪያ ቤቱ ነው። ነይ እስቲ ወደዚህ።» ግድግዳው ላይ በመስታወት ያስገጠመውን ወረቀት አሳያት። «አምና ለቀለም ክፍል እሺ ብዬ ዘረጋሁ፤ ይኸው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያዬ። አንብቢው።»

ሸጊቱ አነበበች። «‹ያለ ኮሚቴ ውሳኔ አየር መስጠት በጥብቅ የተከለከለ ነው።› አየር?»

«አየር» አለ በዳሳ በኩራት። «ኮሚቴው ይወስን፤ እኔ ቱቦውን ትከሻዬ ላይ ጠምጥሜ ነው የምጠብቅሽ።»

በዳሳ አየር አይለቅም፤ አቶ ነስሩ ወረቀት አይጽፉም፤ ወይዘሮ ፀዳለ ቁጥር አይሰጡም፤ ጋሽ ደምሰው ከሣጥኑ አይነሡም፤ ማሰሪያው ከሣጥኑ አይወጣም፤ ሥራው ቶሎ አይታሰርም፤ አውቶቡሱ አይጠብቅም፤ ሸጊቱም ሲፈን ሳትተኛ ቤቷ አትደርስም። በዚያ ማታ ምንም አላገኘችም። ሕፃኗ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ኢንጂነር ልዑልሰገድ ቢሮ ገባች። የአዳዲስ መሣሪያዎች ተከላ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ጥያቄዋን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ስለ ኮሚቴው የጠየቀ ሰው ከተመሠረተ ጀምሮ አልመጣም ነበር። የቃለ ጉባኤውን መዝገብ አውጥተው ገለጡላት። አሥራ አንድ ገጽ ተጽፎበታል፤ በየገጹም አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «አምስተኛው አባል ባለመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ስላልተሟላ ስብሰባው ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል።» ጽሕፈቱ ያምራል። ከሥሩ አራት ፊርማ አለ።

«አባላቱ እነማን ናቸው፣ ኢንጂነር?»

«አንድ፣ እኔ። ሁለት፣ ደምሰው ከግምጃ ቤት። ሦስት፣ ፀዳለ ከንብረት። አራት፣ ነስሩ ከጥራት።»

ሸጊቱ ሳምንቱን ሙሉ ኮሚቴውን በየቢሮው አንድ በአንድ ስታገኘው ከርማለች። «አምስተኛውስ?»

«የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ። አምሳ አለቃ ገረመው።»

«የአውቶቡሱ ሹፌር?»

«አዎ፣ ሹፌሩ።»

«ስብሰባው በስንት ሰዓት ነው የሚጠራው?»

«አሥራ አንድ ከሩብ። የምርት ሰዓት እንዳንነካ ብለን።»

«ጋሽ ገረመው እኮ አሥራ አንድ ከሩብ ላይ መሪያቸውን ይዘዋል።»

«እኛም ይህንኑ ነው ‹አልተገኙም› ብለን የምንጽፈው።»

«ሰዓቱ ቢቀየርስ?»

ኢንጂነሩ በርኅራኄ አዩዋት። «ሰዓት የሚቀየረው እኮ በኮሚቴው ውሳኔ ነው፣ እህቴ። ለማንኛውም ዛሬ ስብሰባ አለን፤ አሥራ ሁለተኛው ነው።»

ኮሚቴው አይሰበሰብም፤ በዳሳ አየር አይለቅም፤ አቶ ነስሩ ወረቀት አይጽፉም፤ ወይዘሮ ፀዳለ ቁጥር አይሰጡም፤ ጋሽ ደምሰው ከሣጥኑ አይነሡም፤ ማሰሪያው ከሣጥኑ አይወጣም፤ ሥራው ቶሎ አይታሰርም፤ አውቶቡሱ አይጠብቅም፤ ሸጊቱም ሲፈን ሳትተኛ ቤቷ አትደርስም።

በዚያ ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሸጊቱ የዛሬውን ሥራ አወረደች፤ የነገውን አላወጣችም። እጇን በጨርቅ ጠርጋ ባዶውን ማሽን ጥላ ወጣች። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ወርክሾፕ ታይቶ አይታወቅም።

«ሸጊቱ!» አሉ ፎርማኑ አቶ ሰይፉ ከኋላዋ፤ «ማሽኑ ሳይታሰር? ዛሬ ይህን ካደረግሽ ነገ ሞረድ ክፍል ብረት በእጅ ስትፍቂ ነው የማገኝሽ!»

«ሞረዱም ቢሆን ከአሥራ አንድ ተኩል በፊት ካለቀ እስማማለሁ» ብላ ሳትዞር ሄደች።

አውቶቡሱ ሞልቷል። ሞተሩ ይንደቀደቃል። አምሳ አለቃ ገረመው ኮፍያቸውን አስተካክለው ሰዓታቸውን እያዩ ነው።

«ዛሬ ቀደምሽ!» አሉ። «ግቢ፣ ግቢ።»

«ልሄድ አይደለም፣ ጋሽ ገረመው። ዛሬ ስብሰባ አለብዎ።»

«በየወሩ አለብኝ።»

«ለምን አይሄዱም?»

«እዚህ ነኛ! አሥራ አንድ ከሩብ ሞተር አሞቃለሁ፤ አሥራ አንድ ተኩል እወጣለሁ። ዘጠኝ ዓመት አንዲት ደቂቃ አላሳለፍኩም። አንቺን ራስሽን ስትሮጪ በመስታወት እያየሁ ስንት ቀን ሄጃለሁ? ጨካኝ ሆኜ ነው? ለአንድ ሰው ከጠበቅኩ ለሁሉም ልጠብቅ ነዋ!»

«ይጠብቁኝ አላልኩም። ይሰብሰቡልኝ ነው የምለው።»

«ምን ሊጠቅምሽ?»

ሸጊቱ ትንፋሿን ሳበች። «እርስዎ ከመሪው ካልተነሡ ኮሚቴው አይሰበሰብም፤ ኮሚቴው ካልተሰበሰበ በዳሳ አየር አይለቅም፤ በዳሳ ካልለቀቀ አቶ ነስሩ ወረቀት አይጽፉም፤ እሳቸው ካልጻፉ ወይዘሮ ፀዳለ ቁጥር አይሰጡም፤ ቁጥር ካልተሰጠ ጋሽ ደምሰው ከሣጥኑ አይነሡም፤ እሳቸው ካልተነሡ ማሰሪያው አይወጣም፤ ማሰሪያው ካልወጣ ሥራዬ ቶሎ አይታሰርም፤ ካልታሰረ እርስዎ አይጠብቁኝም፤ እርስዎ ካልጠበቁኝ ልጄ ተኝታ ነው የምደርሰው። ተኝታ ሳገኛት አምስት ወር ሆነኝ። እማ የምትለው ጎረቤቴን ነው።»

ከወደ ኋላ አንዱ «እስቲ ከቁጥሩ ጀምረሽ ድገሚው» አለ፤ አጠገቡ ያለችው ሴት በክርኗ ጎሰመችው።

አምሳ አለቃ ገረመው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ታዲያ የሁሉም ጫፍ እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«አሥራ አንድ ወር ሙሉ ፋብሪካውን ይዤ ቆሜ ነው የምነዳው?» ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ዝም አለ። ቁልፉን ነቅለው ደረት ኪሳቸው ከተው ዘጉበት፤ ከመሪውም ተነሡ።

በዚህ መሐል አራቱ የኮሚቴ አባላት ከቢሮው ደረጃ እየሮጡ ወረዱ። አሥራ ሁለተኛውን ገጽ ፈርመው መምጣታቸው ነው። እየተንጠባጠቡ ገቡ፤ ኢንጂነር ልዑልሰገድ መዝገቡን ብብታቸው ሥር ይዘዋል። አምሳ አለቃው መተላለፊያው መሐል እንደ ዘብ ቆመዋል።

«አምስተኛው አባል ተገኝቷል» አሉ።

«ዘገዩ፣ አምሳ አለቃ፤ ስብሰባው ተዘግቷል። ተጽፏል።»

«ምን ተብሎ?»

«‹አምስተኛው አባል ባለመገኘታቸው› ተብሎ።»

«ይኸው ቆሜ! ታዲያ የጻፋችሁት ሐሰት ነው?»

«ኧረ ኢንጂነር፣ ሐሰት ይጻፋል እንዴ?» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ። አቶ ነስሩ አንገታቸውን ደፉ፤ ያላዩትን መፈረም የማይወዱ ሰው ናቸው።

«ስብሰባ የሚደረገው በአዳራሽ ነው» አሉ ኢንጂነሩ።

«እንሂዳ ወደ አዳራሽ!» አሉ አምሳ አለቃው። «ቁልፉ ኪሴ ነው፤ እኔ አልቸኩልም።»

አውቶቡሱ ጮኸ። «እዚሁ! እዚሁ ይሰብሰቡ!» አለ ስድሳ ሰው በአንድ አፍ። ወይዘሮ ፀዳለም «እዚሁ ይሁን በእናታችሁ፤ ዕድር አለብኝ፤ ዳኛዋ እኔ ነኝ» አሉ። ጋሽ ደምሰው ቀድመው ወንበር ይዘው ነበርና ባሉበት ተሰበሰቡ።

እንግዲህ ለአሥራ አንድ ወር ያልተቻለው ስብሰባ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ከስድስቱ አራቱ የተዘጋውን ስብሰባ በምን ቃል እንደሚከፍቱት ሲመክሩ ያለፉ ናቸው። ወይዘሮ ፀዳለ ጉልበታቸው ላይ ጻፉት፤ አምስቱም ፈረሙ። አምሳ አለቃው ግን ቁልፉን አላወጡም። «ውሳኔ የሚባለው ተፈጽሞ ሲያልቅ ነው» አሉ።

በዳሳ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበር። ውሳኔውን በጽሑፍ ተቀበለ፣ ሁለት ጊዜ አነበበ፣ ወርዶ ቱቦውን ዘረጋ። ጋሽ ደምሰው ሣጥኑን ከፈቱ። አቶ ነስሩ አየር ሰጡት፤ ማሰሪያው ጭስስ ብሎ ለቀቀ። አየር ነፈጉት፤ ጠቅ ብሎ ነከሰ። «ይሠራል» ብለው ጻፉ። ወይዘሮ ፀዳለ ጥቁሩን እስክሪብቶ አነሡ። ጋሽ ደምሰው ሞዴል ሃያ ሁለትን ሞሉ፤ ከዚያ ሣጥኑ ባዶውን ሲቀር አይተው «ሻዬን ከእንግዲህ የት ተቀምጬ ልጠጣ?» አሉ። አውቶቡሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ወጣ። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው መዘግየት ነው፤ ያማረረ ግን አልነበረም፤ ሁሉም ስለ አየሩ ያወራ ነበር።

ሸጊቱ አብራ አልሄደችም። ገበታው ማሽኑ ላይ የሚታሰረው አንድ ጊዜ ቢሆንም ያቺ አንድ ጊዜ ጌጅም ኮርኮምም ትፈልጋለች። አቶ ሰይፉ ሞረዱን ረስተው መፍቻ አቀበሏት። እያጉረመረሙ እስከ መጨረሻው ብሎን ቆዩ። ቤቷ ስትደርስ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ሲፈን እንደ ወትሮዋ ተኝታለች።

በማግስቱ ቅዳሜ ማሽኑ ሥራውን እየቆረጠ ሳለ ሸጊቱ ለሰኞው ብረት ከጎን ጠረጴዛ ላይ እግር ገጠመችለት። ለአሥራ አንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ማሽኑ ቆመ። የዛሬውን አወረደች፤ ገበታውን ጠረገች፤ አየር ሰጠች፤ የሰኞውን ጣል አደረገች፤ አየሩን ዘጋች። ጠቅ። አራት ደቂቃ።

አቶ ሰይፉ ጌጃቸውን ይዘው መጡና ለኩ። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ጌጁን በጣታቸው ቆረቆሩት። «ይሄ ተበላሽቷል» ብለው ሌላ ጌጅ አስመጡ። እሱም ንቅንቅ አላለም።

«ሁለቱም ተበላሽተዋል?» አለች ሸጊቱ።

«ዝም በይ እስቲ» አሉ፤ ሦስተኛውን ግን አላስመጡም። «በሬው ታስሯል። ሂጂ።»

አምሳ አለቃ ገረመው ከመሪው ስለተነሡ ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ኮሚቴው ስለተሰበሰበ በዳሳ አየር ለቀቀ፤ በዳሳ ስለለቀቀ አቶ ነስሩ ወረቀት ጻፉ፤ እሳቸው ስለጻፉ ወይዘሮ ፀዳለ ቁጥር ሰጡ፤ ቁጥር ስለተሰጠ ጋሽ ደምሰው ከሣጥኑ ተነሡ፤ እሳቸው ስለተነሡ ማሰሪያው ከሣጥኑ ወጣ፤ ማሰሪያው ስለወጣ ሥራው ቶሎ ታሰረ። አውቶቡሱ ሸጊቱን አልጠበቃትም፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከነደቂቃው ወጣ፤ እሷ ግን ከአሥራ አንድ ከሩብ ጀምሮ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ነበር።

ቤቷ ስትደርስ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። እትዬ ዳሳሽ በሩን ከፍተው ደነገጡ። «ውይ! እሁድ ነገ አይደለም እንዴ?»

ሲፈን ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ዓይኗ ፍጥጥ ብሏል። ራቷ አልተነካም። እትዬ ዳሳሽ ሣህኑንና ማንኪያውን ለሸጊቱ አቀብለው ነጠላቸውን ይዘው ወጡ። ሸጊቱ ቱታዋን እንደለበሰች ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ማንኪያውን አስጠጋች። ሕፃኗ ማንኪያውን አየች፣ ሴትየዋን አየች፣ አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች።

ሸጊቱ በዚያ ሳምንት ብዙ እንቢታ አይታለች፤ እንዲህ የጠበቀ ግን አላጋጠማትም። ማንኪያውን መልሳ ሣህኑ ላይ አስቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች። ለአንድ ሰዓት ገና ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይቀረዋል። ጊዜ ነበራት።